የፓንሱል ላም የተቀመጠች ዕለት

ጆምሬ ከወዲያኛው ሸለቆ ወደ ዶልጎል ስትዳር እናቷ የሰጠቻት ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ እጅሽ ፈጣን ነው፣ አፍሽ ደግሞ ከእጅሽ ይቀድማል፣ ከሁለቱ አንዱን ዝግ አድርጊው የሚል። ለጆምሬ ሁለቱም አልሆነላትም። የገባችበት ቤት ግን የዝግታ ቤት ነበር። ባሏ ፓንሱል ጫማውን አጥልቆ እስኪጨርስ ዝናብ መጥቶ የሚያባራበት ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ይቻላላ። እሱ ግን «እስቲ እናያለን» ይላል። ጣሪያው ሲያፈስ፣ እስቲ እናያለን። የሩዙ ማሳ ውኃውን ሲያሾልክ፣ እስቲ እናያለን። ጆምሬ በዚህች ቃል ጨጓራዋ ተልጦ ነው ያረጀችው።

አማቷ ዝግተኛ አልነበሩም፤ እሳቸው ሕግ ነበሩ። መጥረጊያ በየት በኩል እንደሚቆም፣ ደፍ ለምን እንደማይረገጥ፣ በየትኛው ቀን ሚስማር እንደማይመታ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሕጉን ከማን ተማሩት ሲባሉ «ከነበሩት» ብለው ይዘጉታል። የጆምሬና የፓንሱል አንዲት ልጅ ማልሱን ከተማ ወርዳ የሸሚዝ ፋብሪካ ገብታለች። በየመኸሩ በዓል አንድ ከረጢት ነጭ ስኳር ትልካለች፤ ያኔ ስኳር ማለት ትልቅ ስጦታ ነው። አማቲቱ ከረጢቱን ተቀብለው ሣጥናቸው ውስጥ ይቆልፉበታል። ጆምሬ የገዛ ልጇን ስኳር በዓይኗ እንጂ በምላሷ አታውቀውም ነበር።

ቤቱን ያቆመችው እንግዲህ ላሟ ናት። የዶልጎል ማሳ ተራራው ላይ እንደ ደረጃ የተለጠፈ ስለሆነ ሞተር አይወጣውም፤ የሚያርሰው ከብት ነው። ዛሬ በዚያ ሸለቆ በላም የሚያርስ አንድ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፣ ወጣቶቹ ቀንበሩን ግድግዳ ላይ ለጌጥ ይሰቅሉታል። ያኔ ግን ላሟ የሞተችበት ሰው ምን እንደሚሆን ጆምሬ በዓይኗ አይታለች። የታችኛው ሰፈር ጎረቤታቸው ላሙ በሞተችበት ዓመት ማረሻውን ራሱ ይዞ ሚስቱን ከፊት ጠመዳት። ሴትዮዋ ገመዱን በትከሻዋ አድርጋ፣ አገጯ ጉልበቷን ሊነካ ጎንበስ ብላ ስትጎትት ጆምሬ ከላይ ማሳ ሆና አየች። ያን ቀን ማታ እህል አልበላችም። የፓንሱል ወገብ ደግሞ ከዚያ ሰውዬ ወገብ የባሰ ነው። የዚህ ቤት ላም አንድ ነገር ከሆነች ትከሻው የማን እንደሚሆን ለጆምሬ የሚነግራት አላስፈለጋትም።

ሩዙ ተወቅቶ ባለቀበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ ላሟ ወንድ ጥጃ ወለደች። ሁሉም ደስ አለው። ጫማ ለማጥለቅ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ፓንሱል በዚያች ሰዓት እንደ ነፋስ ፈጠነ። ገለባውን በግራ እጁ ገመደው፣ ቀይ በርበሬና ከሰል ሰካበት፣ ከበረቱ በር ግራና ቀኝ ወጥሮ ሰቀለው። ገመዱ ከተሰቀለ በኋላ ሦስት ሳምንት እስኪያልፍ የውጭ ሰው እግሩን አያሳልፍም። ካለፈ ጥጃው ይቀጫል፣ ወተቱ ይነጥፋል፣ ሌላም ሌላም አለ፤ አማቲቱ በዝርዝር ያውቁታል። ከዚያ ፓንሱል ወጥ ቤት ገብቶ ለላሟ እንደ አራስ ሴት የባሕር ቅጠል ሾርባ ጣደ። ጆምሬ እንጨት እያቀበለችው «ጨው ቅመሰው እንጂ፣ አራሷ ትታዘብሃለች» አለችው። እሱ የምሩን ቀመሰው።

ሾርባውን ይዛ በረት የገባችው ጆምሬ ናት። ላሟ ቆማለች፣ ግን ታምጣለች። ልጇ እግሯ ሥር ተኝቶ እያለ ምን ታምጣለች ብላ ዞር ብትል፣ ማህፀኗ እንዳለ ወጥቶ እንደ ቀይ ስልቻ ቋንጃዋ ድረስ ተንጠልጥሏል። ባልዲውን የት እንዳስቀመጠችው አታውቅም። ስልክ ያለው የመንደሩ ሹም ቤት ብቻ ነበርና እየሮጠች ሄዳ አስደወለች።

የገበያው ከተማ የከብት ሐኪም ዶክተር ፒዮ ረፋዱ ላይ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ቀጭን ሰው ነው፤ መነጽሩ ሁልጊዜ ጉም ይይዛል፣ አፉ አያርፍም። ግቢ እየገባ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ሌላ ሰው አሳማ እያወራ መጣና በረቱ በር ላይ ገመዱን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለካ እሱም የገጠር ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ሌላ መንደር እንዲህ ያለ ገመድ አልፎ ገብቶ፣ ጥጃው በሳምንቱ ሲሞት ጥፋቱ ሁሉ ለእሱ ተሰጥቶ፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ መንደር የጠራው የለም። ስለዚህ የቤቱ ሽማግሌ ካልፈቀደ እንደማይገባ ተናገረ።

የቤቱ ሽማግሌ አማቲቱ ናቸው። አይሆንም አሉ። ጆምሬ እንግዲያው ገመዱን እናውርደው አለች። ማውረድ ከማለፍ ይብሳል ተባለች፤ የተሰቀለውን ማውረድ የበረቱን ጠባቂ መንፈስ በጥፊ መትቶ ማባረር ነው። ሐኪሙ ላሟን አውጡልኝ አለ፣ ወዲያው ደግሞ ራሱ ሻረው፤ ያ ነገር ተንጠልጥሎ ስትራመድ ሥሩ ከተቀደደ ደሟ ፈስሶ እዚያው ታልቃለች። ሁሉም ወደ ፓንሱል ዞሩ። ፓንሱል ራሱን አከከ። ምን እንዳለ መጻፍ አያስፈልግም።

ጆምሬ ሦስቱንም አንድ ባንድ አየቻቸው። ከበረቱ ውስጥ ላሟ እየቃተተች ነው። መቆፈሪያውን ከግድግዳው ላይ አንስታ በበረቱ ጀርባ፣ በተራራው በኩል ዞረች። አማቷ በዱላቸው ተከተሏት።

«ምን ልታደርጊ ነው አንቺ?»

«ገመዱ ያለው በር ላይ ነው አይደል እማዬ? እኔ በሩን አልነካሁም» አለችና መቆፈሪያውን የጭቃው ግድግዳ ላይ አሳረፈችው።

አሮጊቷ ጭቃው እየተናደ፣ ከውስጥ ያለው የቀርከሃ ጠፍር እየተሰበረ፣ አቧራው ነጠላ ጫማቸው ላይ እየወረደ ቆመው አሰቡ። የነበሩት ሰዎች ስለ ግድግዳ ምን እንዳሉ ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አላገኙም። በመጨረሻ «ዝቅ አድርገሽ ምቺው፣ ላዩ ጣሪያውን ተሸክሟል» አሉ።

በዚያ ቀዳዳ ዶክተር ፒዮ መሣሪያውን ከፊት አስቀድሞ በአራት እግሩ ገባ። ቆሞ ጉልበቱን ሲያራግፍ አፉ ተከፈተ። ፍል ውኃ አምጡ፣ ሳሙና አምጡ፣ ንጹሕ ጨርቅ አምጡ። ጆምሬ አመጣች። ከዚያ ስኳር አለ። ያበጠው ነገር ውኃውን የሚተፋው ስኳር ሲነሰነስበት ነው፣ ካልሟሸሸ አይገባም። አማቲቱ በቀዳዳው አጮልቀው ይሰሙ ነበር። ሄዱ፣ ሣጥን ሲከፈት ተሰማ፣ ተመልሰው በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ስኳር ዘረጉ፣ እንዳይደፋም ሌላውን እጃቸውን ከሥር አድርገው። ሐኪሙ ማንኪያውን አየና ጆምሬን አየ። ጆምሬ ሄዳ ከረጢቱን እንዳለ አመጣችው።

ቀጥሎ ስለ መርፌው ተናገረ። ላሟ እያማጠች መግፋት ከንቱ ነው፤ እኔ በሁለት ክንድ አስገባለሁ፣ እሷ በሙሉ ላምነቷ ታወጣዋለች አለ። ስለዚህ ጅራቷ ሥር፣ አከርካሪው ቀዳዳ ውስጥ ማደንዘዣ ይሰጣታል፤ ከዚያ በኋላ ከኋላዋ ያለውን ነገር አታውቀውም፣ ማማጧን ትረሳዋለች። አከርካሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፓንሱል ከላሟ ራስ በኩል ብድግ አለ። የእርሻ ከብት ጉልበት ያለው አከርካሪዋ ውስጥ ነው፣ እሱ ከተበሳ ምን ቀረ አለ። ሐኪሙ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የምወጋት ብሎ አስረዳው፣ ደግሞ አስረዳው፣ ሦስተኛ ሊጀምር ሲል ጆምሬ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ዶክተር፣ እሱ እስኪገባው ጥጃው ያርሳል። ይውጉልን።»

ጅራቱን የያዘችው እሷ ናት። ሐኪሙ እንደ ውኃ ፓምፕ እጀታ ከፍ ዝቅ አድርጊው አላት። ከፍ ዝቅ ስታደርገው እሱ በጣቱ እየዳሰሰ፣ አጥንት ከአጥንት ሲላወስ መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ፈለገ። ጠጉሩን ላጨ፣ አጠበ፣ አልኮል ቀባ። መርፌውን ቀጥ አድርጎ አቆመና በላይኛው ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ መድኃኒት አስቀመጠ። ያ ለፍላፊ ሰው አሁን ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። መርፌውን በቀስታ፣ በቀስታ ሲገፋው ጠብታዋ እንደ ጤዛ ተቀምጣ ቆየች፣ ከዚያ ማንም ሳይነካት ወደ ውስጥ ጥልቅ አለች።

ፓንሱል አንገቱን አስግጎ «ጠጣችው» አለ።

«ቦታው እሱ ነው» አለ ሐኪሙ፣ የቀረውንም ቀስ አድርጎ ሰጣት።

ጆምሬ በእጇ ውስጥ የሆነውን ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም። ጅራቱ መጀመሪያ ይታገላታል፣ ሊያመልጣት ይሞክራል። ቆይቶ ከበዳት። ቆይቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆነ፤ ብትለቀውም ተንጠልጥሎ ቀረ። ላሟ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ታምጥ ነበርና ሐኪሙ ከንፈሩን ነክሶ ጥቂት ጨመረላት። ያኔ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፣ ሆዷ ላላ፣ ጥጃዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ይመስል ዞር ብላ ተመለከተችው።

ስኳሩ ሁሉ አለቀ። ባልና ሚስት ያን ከባድ ነገር ሩዝ በሚያሰጡበት ጨርቅ ከሁለት ወገን ይዘው አነሱት፣ ሐኪሙም ጣቱን ሰብስቦ በጡጫው እየገፋ፣ እየገፋ፣ ክንዱ እስከ ብብቱ ገብቶ፣ ማህፀኑን ወደ ቦታው መለሰው። ተመልሶ እንዳይወጣ መውጫውን በክር ሰፋው። ላሟ ንቅንቅ አላለችም። ሲጨርስ መነጽሩን እየጠረገ ወሬው ተመለሰለት። መድኃኒቱን ከወትሮው ትንሽ አብዝቼባታለሁ፣ የኋላ እግሯ ሊዝል ይችላል አለ። ገለባ አንጥፉላት፣ ከተኛች ተዉአት፣ አትምቷት፣ በገመድ አታንሷት፣ ፀሐይ ከጋራው ሳትወርድ መድኃኒቱ ይለቃትና ራሷ ትነሳለች አለ። ይህን ለፓንሱልም ለጆምሬም ለአማቲቱም ለየብቻ ነገረ። ሌላ መንደር አሳማ ስለሚጠብቀው ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

የሞተሩ ድምፅ ሳይጠፋ ላሟ ከኋላዋ ወላገደች፣ ተንገዳገደች፣ ተቀመጠች።

በዶልጎል «የተቀመጠች ላም» ሲባል ሥጋ የሆነች ላም ማለት ነው። የፓንሱል ፊት እንደ ሩዝ ውኃ ነጣ። ጆምሬ ሰውየው የተናገረውን አልሰማህም ወይ፣ ይሄው የተናገረው ነገር ነው አለችው። ገለባ ልታመጣ ዞር ብላ ስትመለስ ባሏ የለም። በዚያች አንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ፈጥኖ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ሹም ድምፅ ማጉያ በጫካው እያስተጋባ፣ ከብት ነጋዴው ታክ በአስቸኳይ ፓንሱል ቤት እንዲመጣ ጠራ። ለበጎ ነገር የሚጎተት ሰው ለጥፋት ሲሆን ክንፍ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ጆምሬ ገለባውን እንዳቀፈች ቆማ ይህንን አሰበች፣ ጥርሷን ነከሰች።

ታክ በቀዳዳው ገባ። ወፍራም ስለሆነ መሐሉ ላይ ትንሽ ቆየ። ላሟን በዱላ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋት፣ ጅራቷን አንስቶ ለቀቀው፣ ጅራቱ ወደቀ። ምላሱን ቷ ቷ አደረገ።

«ወገቧ ሞቷል፣ ወንድሜ። ደሟ ሳይቀዘቅዝ አሁን ካልወሰድኳት ማታ ለውሻም አትሆንህ።»

ጆምሬ የመድኃኒቱን ነገር ነገረችው። ታክ ሳቀባት፤ ወደ አከርካሪ የገባ ነገር ተመልሶ ሲወጣ አይተሻል ወይ አላት፣ ሐኪሙም ይህንን ስላወቀ ነው ሞተሩን አስነስቶ የሸሸው አለ። ፓንሱል መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ። እጁ ወደ ላሟ መሳቢያ ገመድ ሄደ፣ ሊፈታው።

ጆምሬ ገለባውን ጣለችው። ድምጿ እንደ ወትሮው ቢሆን ከታች ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር፤ አሁን ግን ዝቅ ያለ ነበር፣ ፓንሱልን ያስደነገጠውም እሱ ነው።

«የማልሱን አባት፣ እኔ ማልሱንን ስወልድ ከወገቤ በታች አልታዘዝ ብሎኝ አልተኛሁም? እጄን ይዞ ያነሳኝ ነበረ? መርፌ የያዘ ሰው ወደዚህ ቤት መጣ? በሩ ላይ ቆመህ "ተዉአት፣ ትነሳለች" አልክና ወደ ማሳህ ሄድክ። እኔ ሥጋ ሆኜ ቀረሁ እንዴ? እንግዲህ ለሚስትህ ያልከውን ለላሟም በል። ለእሷ የሚሆን ትዕግሥት ካጣህ እኔንም ያን ጊዜ ለታክ አባት ልትሸጠኝ ይገባህ ነበር።»

ታክ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ከውጭ በቀዳዳው በኩል አማቲቱ ቀደሙት። የሕግ ድምፅ አልነበረም።

«ተነስታለች» አሉ። «ብዙ ቆይታ ነው፣ ግን ተነስታለች። ማልሱንን ስትወልድ እኔ ነበርኩ።»

ፓንሱል ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ጆምሬን አየ፣ ላሟን አየ፣ እንደገና ጆምሬን አየ። ከዚያ ወደ ታክ ዞሮ «እስቲ እናያለን» አለ። ጆምሬ ያቺን ቃል ከአፉ ስትወጣ ሰምታ ሳትቃጠል የቀረችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ታክ ከውጭ ቁጭ ብሎ ሲጋራውን አጨሰ፣ መኪናው ነዳጅ እንደፈጀች በየመሐሉ አሳሰበ፣ የሩዝ ጠላ ቀረበለት፣ ጠጣው። ጆምሬ ከላሟ ኋላ ተቀምጣ የእግሯን ኮቴ ቆንጠጥ ታደርጋለች። ምንም። ትጠብቅና ደግማ ትቆነጥጣለች። ምንም። ምን አደረግሁ እያለች ነበር፣ ለማንም ባትናገርም። ላሟ ብትሞት ለጥቂት ሥጋ እንኳ ሳትበቃ ትሞታለች፣ ጥጃው ሳይጠባ ይቀራል፣ በጸደይ ማሳው ጠንክሮ ይጠብቃታል፣ ይህንን ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት፣ በአፏ። ፀሐይዋ የጋራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። አንድ ጊዜ ስትቆነጥጥ ኮቴው ሸሸ። እውነት አልመሰላትም። እንደገና ስትቆነጥጥ ላሟ ተናዳ እግሯን ወረወረችና ጉልበቷ ላይ አሳረፈቻት። ጆምሬ እንደዚያ ያለ ምት ከማንም ተቀብላ አልተደሰተችም።

ላም ስትነሳ ከኋላዋ ነው የምትነሳው። ዳሌዋን አነሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ወደ ጎን ወደቀች። ፓንሱል ሊይዛት ዘለለ፤ ጆምሬ «ዞር በል፣ መንገድ ልቀቅላት» ብላ ገፋችው። ላሟ ዳሌዋን ሁለተኛ አነሳች። የኋላ እግሮቿን እንደ ሰካራም ዘርግታ፣ ጅራቷ ገና ተልፈስፍሶ፣ በፊት ጉልበቶቿ ተንበርክካ ቆየች። ከዚያ ቆመች። ጥጃው ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ሄዶ ጡቷ ሥር ገባ።

ታክ ባርኔጣውን አነሳና ጅራቷ ግን አሁንም ልክ አይደለም ብሎ ሄደ።

ቀዳዳው ቀረ። ማታ ውርጭ ይወርዳልና ሳይመሽ መደፈን ነበረበት። ፓንሱል ሱሪውን ሰብስቦ በጀርባ በኩል ጭቃ ያቦካል፣ በእግሩ ይረግጣል፤ ጆምሬ የሰበረችውን ቀርከሃ በገለባ ትጠፍራለች። አማቲቱ ባዶውን የስኳር ከረጢት ገልብጠው አጥበው ገመድ ላይ አሰጡት፤ ስለ ስኳሩ ያሉት ነገር የለም። ፓንሱል ለረጅም ጊዜ ረገጠ። ሊናገር እንደሆነ ከትከሻው ያስታውቃል፣ ግን እንደ ሁሉ ነገሩ ይቆያል። ጆምሬ ትጠብቀዋለች።

በመጨረሻ ቀና ሳይል «የማልሱን እናት፣ ያኔ መነሳት አቅቶሽ ነበር እንዴ?» አላት።

ማልሱን የሸሚዝ ፋብሪካ ገብታለች። ማልሱን ታጭታለች፤ እሱ ገና አሁን መጠየቁ ነው። ጆምሬ ባሏን ከራስ ጠጉሩ እስከ ጭቃው እግሩ ድረስ አየችው። የምትለው ብዙ ነበር፤ ለዓመታት ያዘጋጀችው ሁሉ በአንዴ አፏ ላይ መጣና ተጨናነቀ።

«ጭቃው ቀጥኗል» አለችው። «ገለባ ጨምርበት።»

ጨመረበት። ግን ቆሞ፣ መልሷን እየጠበቀ ነው የጨመረው፤ ጆምሬም ቀርከሃውን መጥፈሩን ተወችና አጠገቡ ገብታ ጭቃውን መርገጥ ጀመረች፣ ከመጀመሪያው ሕመም ጀምራ ትነግረው ያዘች።